ባለ አራት ጎማ ጣውንቴ

ቅናተኛ ነሽ የሚሉኝ ሰዎች መኪናዋን አላዩዋትም። ያዩዋትም ቢሆኑ ባሌ እሷን ሲያያት አላዩም። እስቲ አረፍ በሉና ነገሬን ሰምታችሁ ፍረዱ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ከተገኘ ለኔ ንገሩኝ፤ የሷ ከሆነ ግን ለባሌ ንገሩልኝ፤ እኔ ስነግረው አይሰማም።

የምንኖረው እብናት ነው። ባሌ ደሳለው እህል ነጋዴ ነው፤ ጤፍና ማሽላ ከገበሬ ገዝቶ ደብረ ታቦር ወስዶ ይሸጣል። ሦስት ወንዶች ልጆች ወልደናል። ወልጄለታለሁ ማለቴ ነው፤ እሱማ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከገበያ ቤቱ፣ ከቤቱ ቤተክርስቲያን የሚሄድ፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ የማይል ሰው ነው። ጎረቤቶቼ በባሎቻቸው ሲያለቅሱ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «አይ የወንድ ነገር!» እያልኩ በሆዴ ተመስገን እል ነበር። ለካ በሰው ቁስል እንዲህ አይባልም። አዝመራው በገባ ማግስት ደሳለው ነጭ መኪና እየነዳ፣ ጡሩምባ እየነፋ ግቢያችን ገባ።

ቆንጆ ብትሆን እኮ እሺ። አሮጌ ናት! ስንት ባል ፈትታ እንደመጣች አንድዬ ይወቅ። አንድ ጎኗ ተጋጭቶ በሌላ ቀለም ተለቅልቋል፤ የኋላ በሯ የሚዘጋው በጠፍር ነው። እኔ በወግ በማዕረግ ሽማግሌ ተልኮልኝ፣ በእልልታ የገባሁበት ግቢ ይቺ እየተንቋቋች ገብታ መሐል ላይ ቆመች። ዶሮዎቼ እንኳ ተበታተኑ።

በመጀመሪያው ማታ «ብርድ ይመታታል» ብሎ ጋቢ አውጥቶ ኮፈኗ ላይ ደረበላት። የትኛውን ጋቢ አትሉኝም? የሠርጋችንን! እናቴ ፈትላ ያለበሰችንን! «ደሳለው፣ እብናት ምን ብርድ አለና ነው?» ስለው «የብረት ነገር አይታወቅም» አለኝ። የሥጋስ ነገር ይታወቃል ወይ? እኔ ስስል ሰንብቼ «ማር በሎሚ ጠጪበት» ብሎኝ ወደ ግድግዳ ዞሮ የተኛ ሰውዬ፣ እሷ ጠዋት ስትነሳ አንድ ጊዜ እህህ ካለች ከገበታ ላይ ይነሳል። መስተዋቷ ላይ ቀይ ጨሌ አንጠልጥሎላታል። የኔ ጆሮ ከጉትቻ ከተለያየ ስንት ዘመኑ!

ጣውንት የመጣባት ሴት ጆሮዋ ይረዝማል። መካኒኩ ግቢያችን በመጣ ቁጥር እኔ ምስሬን ይዤ በሩ ሥር ቁጭ እላለሁ፤ እየለቀምኩ ነው የሚመስለው። እሱ ያስረዳል፦ ከጋለች ጥግ ይዘህ አጥፋትና ተዋት፤ የራዲያተሯን ክዳን ትኩስ ሳለ እንዳትነካ፤ ትርፍ ውሃ ከመኪናዋ አይጥፋ፤ ጎማ ስትቀይር ድንጋይ አስደግፋት፤ በክሪክ ቆማ ሳለች ከሥሯ እንዳትገባ። ደሳለው «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ዓይኑ ግን መብራቷ ላይ ነው፤ በሸሚዙ እጅጌ እየወለወላት። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል መሬት አልጣልኩም። ጠላቴ የት ላይ እንደሚያማት ማወቅ ነበረብኛ። ምስሩ ግን ከነጠጠሩ ድስት ገብቶ ሁላችንም ጥርሳችንን ታመናል።

ነገሩ በዚህ እያለ ደብረ ታቦር ያለችው ታናሽ እህቴ ወርቄ ሴት ልጅ ተገላገለች።

እዚህ ላይ ሆዴን ልንገራችሁ። ወንዶቹን ሰጥቶኛል፤ ተመስገን፤ ግን ፀጉሯን የምጎነጉንላት፣ ወጥ ቤት ገብታ የምትነዘንዘኝ ሴት ልጅ አልሰጠኝም። ወርቄ ይህን ታውቃለች። እርጉዝ ሳለች እጄን ሆዷ ላይ አድርጋ «ሴት ከሆነች ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ» ብላኝ አልቅሰናል። የክርስትና እናትነት ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ልጅቱ ስትታመም የምትጠሪው፣ ስትዳር ከእናቷ ጎን የምትቀመጭው አንቺ ነሽ። ልጅ ናት በቃ! ነጭ ቀሚሷን አሰፋሁ፤ ማተቧን ገመድኩ፤ ሰማንያ ቀኗ እስኪደርስ መቁጠር ሆነ ሥራዬ።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። የወርቄ ጎረቤት ናት፤ ጥሩዬ ትባላለች። ወርቄ ስትወልድ አጠገቧ የነበረችው፣ ገንፎ ያገነፋችው፣ ልጅቱን ያጠበችው እሷ ናት፤ እግዜር ይስጣት፤ ግን መስጠቱን በሌላ ነገር ይስጣት። «ልጅቱ እኔን ስታይ ነው ዝም የምትለው» እያለች በየቤቱ ታወራለች አሉ። የሰማንያ ቀን ልጅ ምን ታያለች? ወርቄ ስትደውል ጭራሽ «እቴቴ፣ ክርስትናው ሐሙስ ነው፤ ከቅዳሴ በፊት። ቄሶቹ ሰው አይጠብቁም። ካልደረስሽ ጥሩዬ ታነሳታለች፤ እንዲያውም ለማንኛውም ብላ ቀሚስ ገዝታለች» አለችኝ። ለማንኛውም! ሰማችሁልኝ? እንግዲህ አንዷ ባሌን፣ አንዷ ልጄን፤ ሁለት ጣውንት መሐል ገባሁ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ብንነሳ በሰፊው እንደርሳለን። ለድግሱ የጠመቅሁትን ጠላ በትልቁ ቢጫ ጀሪካን ሞላሁ። የቅኔ መምህራችን የኔታም ደብረ ታቦር ለአገልግሎት ይሄዱ ስለነበር ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ጀሪካኔን እንደ ሕፃን አቅፌ። ደሳለው አማተበና መሪዋን ዳበስ አድርጎ «በይ እንግዲህ የኔ ቆንጆ» አላት።

እኔን «የኔ ቆንጆ» ያለኝ ሽማግሌ ሊልክ ሰሞን ነው።

ሜዳው እስኪያልቅ ደህና ሄደች። ዳገቱ ሲጀመር ማቃሰት አመጣች። እኔ በሁለቱ ወንበሮች መሐል አንገቴን አስግጌ የሙቀቷን ቀስት አያለሁ፤ መካኒኩ አሳይቶት እኔ ያየሁትን። ቀስቱ ሽቅብ ይሄዳል።

«ደሳለው፣ እየጋለች ነው።»

«አታሟርቺባት!»

«ቀዩ ጋ ደርሷል እኮ!»

«ዝም በይ ብዬሻለሁ፣ ትሰማሻለች!»

የኔታ መቋሚያቸውን ጨበጥ አደረጉ። «ምንድን ነው ልጄ? ማን ነው የምትሰማ?»

«ምንም አይደለም የኔታ፤ ዳገት ስለማትወድ ትንሽ ተናዳ ነው» አላቸው።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከኮፈኗ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ደሳለው «ወይኔ!» ብሎ እዚያው ኩርባው መሐል ላይ ፍሬን ያዘ። «እዚህ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ፤ «ከዚያ ዞሮ የሚመጣ የጭነት መኪና ሳያየን ይጨፈልቀናል! ወደ ጥግ አውጣት!» ደንግጦ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘኝ። ጥግ ይዞ አጠፋት። እኔ ወርጄ ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ ወተፍኩ፤ ቅርንጫፍ ሰብሬ ከኩርባው ወዲያ መንገዱ ላይ ጣልኩ፤ ለሚመጣው ምልክት እንዲሆን። ስመለስ ደሳለው ኮፈኗን ከፍቶ፣ በባዶ እጁ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እየተንደረደረ ነው።

እጁን በነጠላዬ ጠልፌ ያዝኩት።

«ልቀቂኝ!»

«አልለቅህም! የፈላ ድስት እንኳ ክዳኑ በጨርቅ ነው የሚነሳው! ፊትህን ልትላጥ ነው?»

«እየነደደች ዝም ብዬ ልያት?»

«እኔ አራስ ሆኜ ትኩሳት ሲያነደኝ ዝም ብለህ አላየኸኝም?»

«አንቺ ሌላ፣ እሷ ሌላ!»

«የኔታ፣ ይስሙልኝ!»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ የኔታ፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው። «ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር።»

ይህን ስንባባል ከክዳኑ ጎን የፈላ ውሃ ፊ...ሽ ብሎ ተተፋ። የደሳለው እጅ ቢኖር የሚኖርበት ቦታ ላይ ነበር የተተፋው። ደሳለው እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በኋላ ኮፈኗን በእጅ ለመዳበስ እስኪያስችል ድረስ እንድንጠብቅ ያለ ክርክር ተስማማን።

«መቼም ትርፍ ውሃው አለ» አልኩ።

ዞር ብሎ መስተዋቷን መወልወል ጀመረ።

«ደሳለው፣ መካኒኩ ከመኪናዋ አይጥፋ ያለህ ውሃ?»

«ትናንት...» አለና አቧራ በጫማው ጫር ጫር አደረገ። «ትናንት አጠብኳት። ክርስትና ቤት ቆሽሻ ትሂድ?»

«ክርስትና የምትነሳው እሷ ናት እንዴ?!»

እኔ ቀሚሴን ራሴ አጥቤ፣ ራሴ ተኩሼ ነው የለበስኩት። ማንም ጎኔን በሳሙና ያሸልኝ የለም። ግን እሱን እንለፈው፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ የጥሩዬ ፊት ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

ምንጭ ከገደሉ ሥር አለ፤ በዓይናችን ይታያል። መቅጃ ግን የለንም። ጠላው ካለበት ጀሪካን በቀር። ደሳለው ጀሪካኑን አየ፤ እኔን አየ፤ መኪናዋን አየ። «ጠላውን ብናጠጣትስ?» አለ በቀስታ።

«እህቴ ልጅ ወልዳ የጠመቅሁትን ጠላ ለሷ?»

«ጌሾው ይዘጋታል» አሉ የኔታ። «ደግሞ ሰክራ ይህን ዳገት ማን ይወጣል?»

እንግዲህ ጠላው መጠጣት አለበት፤ ጀሪካኑ ባዶ እንዲሆን። ማን ይጠጣው? የኔታ ቀዳሽ ናቸው፤ እኔ ቤተክርስቲያን ልገባ ነው፤ ደሳለው ሾፌር ነው፤ ሦስታችንም ጾመኞች ነን። ቢሆንም ያ መንገድ የገበያ ቀን መንገድ ነውና ሰው ይጎርፋል። መንገድ ዳር ቆሜ ለመጀመሪያው ገበሬ «ጋሼ፣ በሞቴ ጠላ ይጠጡልኝ!» አልኩት። እግሩን ተክሎ ቆመ። እኔን አየ። የኔታን አየ። ፀሐይቱን ቀና ብሎ አየ።

«እህት ዓለም፣ ጾሙ ዐቢይ ነው፤ ፀሐይዋ ገና እዚያ ማዶ ናት፤ የኔታ ደግሞ አጠገብሽ ቆመዋል። ምን በደልሁሽና ነው የምትፈትኚኝ?»

ግን ወዲያው አልሄደም። ጎንበስ ብሎ የጀሪካኑን አፍ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ። «ደርሷል» አለ። «አይ፣ ደርሷል!» አለና እየተከዘ ሄደ። ከኋላው የመጡትም እንደሱ፤ እያንዳንዱ ያሸታል፣ ይተክዛል፣ ይሄዳል። አንዷ ሴትዮ ጭራሽ «ስትመለሱ ብታሳልፉልኝ» ብላ የቤቷን አቅጣጫ አሳየችኝ። ያን ያህል ሰው አልፎ አንድ ኩባያ አልጎደለም! እንዲህ ያለ ጾመኛ አገር ነው ያለን፤ መንግሥተ ሰማያት ስንገባ በር ላይ ወረፋ ሳይኖር አይቀርም።

ምን ላድርግ? ዓይኔን ጨፍኜ ቦዩ ውስጥ ገለበጥኩት። ጌሾ የወቀጥኩበት ክንዴ ያኔ ነው ያመመኝ። የማይጾም ፍጡር አንድ ብቻ ተገኘ፤ የአንዱ ነጋዴ አህያ። ጭነቷን እንደያዘች ቦዩ ላይ ተደፍታ ጠጣች፤ ከዚያ ባለቤቷ ሂጂ ቢላት የምትሄደው በጎኗ ሆነ። የሰውዬውን እርግማን እስካሁን እየተረከብኩ ሳይሆን አይቀርም።

ጀሪካኑን ይዤ ወደ ምንጩ ልወርድ ስል ነው ሚኒባሱ የመጣው።

«ሁለት ሰው!» አለ ሾፌሩ በመስኮት። «ደብረ ታቦር፣ ሁለት ሰው ብቻ ይበቃኛል!»

እሰይ! እኔና የኔታ። ደሳለውም «ሂጂ፣ ሂጂ! ትደርሻለሽ!» አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከልቡ ነው። የኔታ ገቡ። እኔ የቀሚሷን ጥቅል ብብቴ ሥር ይዤ አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አደረግሁ። ዞሬ ባላይ ኖሮ ይህን ሁሉ ወግ አታዳምጡም ነበር። ዞሬ አየሁ። ደሳለው ለብሶት የመጣውን የሠርጋችንን ጋቢ ፀሐይ እንዳያገኛት ኮፈኗ ላይ ደርቦላት፣ እጁን አሳርፎባት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዞሽ» ይላታል።

አይዞሽ! እኔ ሦስት ጊዜ ስወልድ በር ላይ ቆሞ ያላለኝን አይዞሽ!

ደሜ ሽቅብ ወጣ። የሙቀት ቀስት ቢኖረኝ ቀዩን አልፎ ይሰበር ነበር። እግሬን አወረድኩ።

«የኔታ፣ አንቱ ይሂዱ!»

«ልጄ፣ ልጅቱስ?»

«ይጠብቁኝ በሉልኝ! ይሄው ቀሚሷ፣ ይሄው ማተቧ! እኔ ባሌን ከሷ ጋር ጥዬ አልሄድም!»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ከማን ጋር?» ብሎ በመስኮት ተንጠለጠለ። ከመኪና በቀር ማንንም አላዩም። ሳቁ ከኩርባው ወዲያ ድረስ ይሰማ ነበር።

አቧራው ሲረግብ ልቤም ረገበና ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። ልጄን በገዛ እጄ ለጥሩዬ አሳልፌ ሰጠሁ፤ ለምን? ብረት ለመጠበቅ። ቁጭ ብዬ ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ ግን ማልቀሻም ጊዜ አልነበረኝም። ገደሉን በቁልቁለት ወርጄ ቀድቼ፣ ጀሪካኑን አዝዬ ዳገቱን በጉልበቴ ወጣሁት። ደሳለው ከሩቅ ሲያየኝ እየሮጠ መጣ። ሸክሙን ከጀርባዬ አወረደ። «ደከመሽ?» ሊለኝ ነው ብዬ ልቤ ሊረታ ሲል ጀሪካኑን ይዞ ወደሷ ሮጠ።

ቢሆንም ከዚያ በኋላ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ኮፈኗን ዳበስኳት፤ ቀዝቅዛለች። ጋቢውን አጣጥፎ ክዳኑ ላይ እንዲያደርግ፣ ፊቱን እንዲያሸሽ፣ ትንሽ ብቻ አዙሮ የቀረ ትንፋሿን እስክታወጣ እንዲጠብቅ፣ ከዚያ እንዲከፍት ነገርኩት። አስነሳትና ውሃውን ቀስ እያልን ጨመርን፤ የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ቢደፋበት ምን እንደሚሆን ሴት ሁሉ ታውቃለች። ደሳለው አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«ከቅናት» አልኩት።

ተነሳች። ደስ አለን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ደሳለው ረሳውና ነዳት፤ ብዙም ሳንርቅ ጧ! አለ። የኋላ ጎማዋ። እኔ በዚያ ሰዓት የተናገርኩትን የኔታ አለመስማታቸው ለነፍሴ ጥሩ ሆነ።

አሁን ደግሞ ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማዋ ማለት ነው፣ ወረደ፣ ድንጋይ ተወተፈ፣ ብሎኖቹ መሬት ላይ ሳለች ላላ ላላ ተደረጉ። ክሪኩ ለስላሳ አፈር ላይ እየሰመጠ አስቸገረን፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አነጠፍንለት። እኔ «ስኮርታውን ከሆዷ ሥር አጋድመው» አልኩ። «ለምን?» አለ። «መካኒኩ ብሏል።» «መች አለ?» «አንተ መብራቷን ስትወለውል።» ሊስቅ ከጀለው፤ ግን አጋደመው። የፈነዳውን ጎማ ፈታ። የመጨረሻው ብሎን ከእጁ አምልጦ ወደ ሥሯ ተንከባለለ። እሱም ምን ያደርጋል? በጀርባው ተንሸራቶ እስከ ደረቱ ገባ።

«ደሳለው፣ ውጣ!»

«አገኘሁት፣ አገኘሁት...»

ክሪኩ ሲያዘነብል አየሁት። እግሮቹን ይዤ ስጎትት እሷ ግ...ው ብላ ወረደች። ስኮርታው ላይ አረፈችና ቆመች። እሱ ከነብሎኑ እጄ ላይ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ግን ከሥሯ ቀርቷል።

መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ያ ጎማ እዚያ ባይተኛ ኖሮ ዛሬ ይህን የማወራችሁ ጥቁር ለብሼ ነበር። ደሳለው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እጄን ያዘ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮ...» አለ።

«እህ?» አልኩት፤ ልቤ እንደ ቅቤ ቀለጠ።

«እኔ ሞቼ ቢሆን እኮ እሷን ማን ይነዳት ነበር?»

ከሥሯ መልሼ ልከተው አስቤ ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ አስባለሁ።

እንደገና በክሪክ አንስተን፣ ስኮርታውን ገጥመን ደብረ ታቦር ስንደርስ ብርዱም ሰዉም ተቀበለን። ባጃጁን ሁሉ በጡሩምባ እየበተንን ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ደረስን፤ ሕዝቡ ግን እየወጣ ነው። ከሁሉ ፊት ጥሩዬ፣ ልጄን አቅፋ። በገዛችው ቀሚስ። ማተቡ ግን የኔ ነበር፤ እኔ የገመድኩት፤ እሷ ያሰረችው።

ሲጠባ የኖረ ቅናት ሁሉ ያን ቀን ጥርስ አወጣ። ወርቄ አቅፋ ሳመችኝና በጆሮዬ «ሚኒባስ መጥቶልሽ አልገባም ያልሽው እውነት ነው?» አለችኝ። የኔታ እንደሆኑ ቃል አያጎድሉም፤ «ባሌን ከመኪናዋ ጋር ጥዬ አልሄድም ብላ ቀርታለች» ብለው፣ ልክ እንደነገርኳቸው፣ ቅዳሴ በሚጠብቀው ሕዝብ ፊት ነግረውልኛል። በድግሱ ላይ እንጀራ የሚያቀርበው ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያቀርብልኝ። አንዱ «ለመኪናዋም ይቅረብላት?» አለ። ጠላ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ጥሩዬ ጠምቃ ኖሯል። ለማንኛውም ብላ!

አላስችል ሲለኝ ወጥቼ መሸሸጊያ ፈለግሁ። የት ልሂድ በሰው ከተማ? ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፤ አቧራዋን እንደለበሰች፣ ጨሌዋ ወደ አንድ ጎን ዞሮ። የኋላ በሯን ጠፍር ፈትቼ ገባሁ። ሁለታችንም ያን ቀን ግለን፣ ፈንድተን፣ ተሳልቀውብን የዋልን ነንና ዝም ተባብለን ተቀመጥን።

ከቤት ውስጥ የልጅቱ ለቅሶ ይሰማል። ጥሩዬ ታባብላለች፤ ልጅቱ አልቅሳ ልትሞት ነው። ወርቄ ተቀበለች፤ አክስቶች ተቀበሉ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ወርቄ ልጅቱን ይዛ ወደኔ መጣችና «እቴቴ፣ እስኪ አንቺ ያዥልኝ፤ እኔ ደክሞኛል» ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከኔም ጋር አለቀሰች። ደሳለው መኪናዋን ሊያይ መጥቶ ነበርና የራዲያተሯን ውሃ አይቶ ሲጨርስ ድምጿን ሊሰማ አስነሳት። ሞተሩ እርርር ሲል ልጅቱ ሳጓን አቋረጠች። ጆሮዋን ቀሰረች። ንዝረቱ ከወንበሩ ወደ ጭኔ፣ ከጭኔ ወደሷ አለፈ፤ ዓይኗ ከደን ከደን አለና እጇን ማተቧ ላይ አድርጋ ተኛች።

ደሳለው ሊያጠፋት ሲል «እንዳትነካት!» አልኩት። «ቀስ ብለህ ንዳት።»

ይህን ጊዜ ጥሩዬ እየሮጠች ወጣች። ፊቷ ቀልቷል። «ልጄን የት ልትወስዷት ነው? እኔ ክርስትና ያነሳኋትን ልጅ! ከኔ ጋር ዝም ሳትል?» አለች፤ ቅናቷን ከሩቅ አወቅሁት፤ የሙያ ጉዳይ ነው። አልጠየቀችም፤ የፊቱን በር ከፍታ ዘው አለችና በሩን በሙሉ ጉልበቷ ጓ! አደረገችው።

«ቀስ በይ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «በሯን ልትሰብሪባት ነው? ስንት ዳገት ወጥታ የመጣች መኪና እኮ ናት! ደክሟታል!»

ልጅቱ አልነቃችም። ጥሩዬ እጇን ከበሩ ላይ አነሳች። ደሳለው ግን መሪውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደኋላ ዞረ። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ ወንበሯን የሚዳብሰውን እጄን አየ፤ ሳላውቀው ነው የምዳብሳት።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ለሷ የምታስቢ?» አለኝ፤ ድምፁ ሻከር ብሏል።

ያንን ፊት በደንብ አውቀዋለሁ። እሷ ግቢያችን ከገባች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ውስጥ የማየው የራሴ ፊት ነው።